ስዊዘርላንድና ሊክተንስታይን፦ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ሥራውና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የራይንን ወንዝ ከስዊዘርላንድ ወደ ሊክተንስታይን የሚሻገር ሰው አገር መቀየሩን የሚያውቀው በባንዲራውና በመኪና ታርጋው ነው። ፓስፖርት አምጣ የሚል የለም፤ ገንዘቡም ያው ፍራንክ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለቱን በሁሉም ነገር እንደ አንድ አገር ይቆጥራቸዋል። ስህተቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ዕቃና ገንዘብ በሁለቱ መካከል እንደ አንድ አገር ይዘዋወራሉ፤ ሰው የሚኖርበት ፈቃድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊክተንስታይን ራሷን የቻለች አገር ናት ወይስ የስዊዘርላንድ ክፍል?

ራሷን የቻለች አገር ናት። ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 40,000 ገደማ ነው። የራሷ ልዑል፣ ፓርላማ፣ ፍርድ ቤትና ፓስፖርት አላት። የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው በ1990 ሲሆን ስዊዘርላንድ የገባችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ የተጠጋችው ወደ ኦስትሪያ ነበር፤ ከ1852 ጀምሮ የጉምሩክ ኅብረትም ነበራቸው። የኦስትሪያ ግዛት ሲፈርስና ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ ሊክተንስታይን በ1919 ኅብረቱን አፍርሳ ፊቷን ወደ ምዕራብ ጎረቤቷ አዞረች። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ሊክተንስታይንን በውጭ አገራት ለመወከል ተስማማች። የጉምሩክ ውሉ ማርች 29 ቀን 1923 ተፈርሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1924 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬም ሊክተንስታይን ኤምባሲ በሌላት አገር ዜጎቿ ሲቸገሩ የሚሄዱት ወደ ስዊስ ኤምባሲ ነው። በስዊዘርላንድ ዋና ከተማ በበርን ግን የራሷ ኤምባሲ አላት፤ ለሊክተንስታይን የተሾመው የስዊስ አምባሳደርም የሚቀመጠው እዚያው በርን ነው።

የጉምሩክ ውሉ በተግባር ምን ያመጣል?

ሁለቱ አገሮች አንድ የጉምሩክ ክልል ናቸው። በመካከላቸው ቀረጥ የለም፣ የጉምሩክ ኬላም የለም። በሊክተንስታይንና በኦስትሪያ መካከል ባለው ድንበር፣ ለምሳሌ በሻንቫልድ፣ ቆመው የሚፈትሹት የስዊስ ጉምሩክ ሠራተኞች ናቸው። የስዊዘርላንድ የጉምሩክ ሕግና ከእሱ ጋር የተያያዙ ብዙ ሕጎች በሊክተንስታይንም ይሠራሉ። ስዊዘርላንድ በጃንዋሪ 2024 በኢንዱስትሪ ዕቃዎች ላይ የነበረውን ቀረጥ ስታነሳ በሊክተንስታይንም አብሮ ተነሳ።

ተጨማሪ እሴት ታክሱም ያው ነው። ሁለቱ አገሮች በ1994 በተፈራረሙት ውል መሠረት ሊክተንስታይን ስዊዘርላንድ የምታወጣውን መጣኔ ትከተላለች፤ ከ2024 ጀምሮ መደበኛው 8.1 በመቶ፣ ለምግብና ለመሳሰሉት 2.6 በመቶ ነው።

ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። አንድ የጉምሩክ ክልል መሆን ዕቃው የተሠራበትን አገር አንድ አያደርገውም። በኦገስት 2025 አሜሪካ በስዊዘርላንድ ምርቶች ላይ 39 በመቶ ቀረጥ ስትጥል በሊክተንስታይን ምርቶች ላይ የጣለችው 15 በመቶ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ያለው ፋብሪካ ያን ያህል የተለየ ቀረጥ ገጠመው ማለት ነው። በላኪ ሰነድ ላይ የትውልድ አገርን በጥንቃቄ መሙላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሊክተንስታይን የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና አባል ናት፣ ስዊዘርላንድ አይደለችም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ዲሴምበር 6 ቀን 1992 የስዊስ ሕዝብ በጠባብ ልዩነት ቀጠናውን፣ ማለትም የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ጥቂት ጎረቤቶቻቸው የሚጋሩትን የጋራ ገበያ፣ አንገባም አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሊክተንስታይን ሕዝብ እንገባለን ብሎ መረጠ። ድንበር በሌለው የጉምሩክ ክልል ውስጥ አንዱ ገብቶ ሌላው ሲቀር ዕቃው በየትኛው ደንብ ይሂድ? መልሱን ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ ድርድር ወሰደ፤ በተሻሻለው ውል ላይ በኤፕሪል 1995 ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና ሊክተንስታይን ሜይ 1 ቀን 1995 ገባች።

የተገኘው መፍትሔ የሚደነቅ ነው። በሊክተንስታይን ገበያ አንድ ዕቃ የስዊስን ደንብ ወይም የቀጠናውን ደንብ ካሟላ መሸጥ ይችላል። በቀጠናው ደንብ ብቻ የገባ ዕቃ ግን ክፍቱን ድንበር ተጠቅሞ ወደ ስዊዘርላንድ እንዳይፈስ ሊክተንስታይን የራሷ የገበያ ቁጥጥር አላት። ስለዚህ በሊክተንስታይን ዋና ከተማ በቫዱዝ ሱቅ የተገኘ ዕቃ ሁሉ በዙሪክ ይሸጣል ብሎ በጅምላ መግዛት አደጋ አለው፤ በተለይ መድኃኒት፣ ኬሚካልና የሕክምና መሣሪያ።

ገንዘቡ ለምን የስዊስ ፍራንክ ሆነ?

ሊክተንስታይን ፍራንክን ሕጋዊ ገንዘብ ያደረገችው በ1924 ነው። በ1980 የተፈረመው የገንዘብ ውል ደግሞ የስዊስ ብሔራዊ ባንክ በሊክተንስታይን ባንኮች ላይም የገንዘብ ፖሊሲውን እንዲያስፈጽም ሥልጣን ሰጠው። ሊክተንስታይን በወለድ መጣኔ ላይ ድምፅ የላትም። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ብሔራዊ ባንኩ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ እንዳይወርድ ይዞት የነበረውን ወለል በድንገት ሲለቅ፣ ምርታቸውን በዩሮ የሚሸጡት የሊክተንስታይን ፋብሪካዎችም ከስዊሶቹ ጋር እኩል ተመቱ።

ከኦስትሪያ ገበያ ገዝቼ ወደ ሊክተንስታይን ብገባ የማን ደንብ ይይዘኛል?

የስዊዘርላንድ። ከድንበሩ ማዶ ካለችው የኦስትሪያ ከተማ ከፌልድኪርሽ ገዝቶ በሊክተንስታይን በኩል ወደ ስዊዘርላንድ የሚመለስ ሰው የሚፈተሸው ሊክተንስታይን ሲገባ ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚገባው ዕቃ በአንድ ሰው በቀን እስከ 150 ፍራንክ ነው፤ ቀድሞ 300 ነበር። ከ150 ካለፈ ታክሱ የሚታሰበው ከ150 በላይ ባለው ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ዋጋው ላይ ነው።

ከዋጋው በተጨማሪ የመጠን ገደብ አለ። ሥጋ በሰው 1 ኪሎ፣ ቅቤና ክሬም በአንድ ላይ 1 ኪሎ፤ መጠጥ እስከ 18 በመቶ አልኮል ያለው 5 ሊትር፣ ከዚያ የጠነከረው 1 ሊትር። ለበዓል ብሎ አምስት ኪሎ ሥጋ ለብቻው ጭኖ የሚመጣ ሰው ከአንዱ ኪሎ በላይ ላለው ቀረጥ መክፈል አለበት፤ ሳይናገር ቢያልፍና ቢያዝ ደግሞ ቅጣት ይጨመርበታል። አራት ሰው በመኪናው ውስጥ ካለ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቆጠራል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቋንጣና ቅቤ ሌላ ነገር ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካሉ አገሮች የእንስሳት ተዋጽኦ ለግል ፍጆታ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ መጠኑ ትንሽ መሆኑ አያድንም። በርበሬና ሽሮ በዚህ ክልከላ ውስጥ የሉም።

ወደ ሊክተንስታይን ለመሄድ ቪዛ ከየት ይጠየቃል?

ከስዊዘርላንድ። ሊክተንስታይን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ቪዛዋንም በውጭ አገር የሚያስተናግዱት የስዊስ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ናቸው። ማመልከቻው የሼንገን ሲሆን ከጉዞው ከ6 ወር ቀድሞ ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ይገባል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ የጉዞ መድኑ ሽፋን ቢያንስ 30,000 ዩሮ ነው። የጋበዘዎት ሰው ወይም ድርጅት በሊክተንስታይን ካለ በቅጹ ላይ ዋና መድረሻዎ ሊክተንስታይን ነው ብለው በትክክል ይጻፉ። መድረሻው ዙሪክ ተብሎ የግብዣ ደብዳቤው ከቫዱዝ ሲሆን የሚፈጠረው አለመጣጣም ለውድቅ መልስ ምክንያት ይሆናል።

ስዊዘርላንድ ሼንገንን በዲሴምበር 2008 ስትጀምር ሊክተንስታይን ግን የገባችው ዲሴምበር 19 ቀን 2011 ነው። በመካከል ለሦስት ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በወረቀት የሼንገን የውጭ ድንበር ሆኖ ነበር። ያኔ እንኳ ኬላ አልተተከለም፤ ካሜራና ድንገተኛ ፍተሻ ብቻ ነው የተጨመረው።

የስዊስ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ሊክተንስታይን ቤት ተከራይቼ መኖር እችላለሁ?

አይችሉም። ለብዙ ሰው ያልተጠበቀ መልስ ይህ ነው። የስዊስ ቢ (የመኖሪያ) ወይም ሲ (የቋሚ መኖሪያ) ፈቃድ ከፓስፖርት ጋር ሆኖ ለጉብኝት ያስገባዎታል፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። መኖር ግን ከሊክተንስታይን የውጭ ዜጎችና ፓስፖርት ጽሕፈት ቤት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያም በጥብቅ የተቆጠረ ነው። ስዊሳዊ ዜጋ እንኳ ሻንጣውን ይዞ ገብቶ መኖር አይችልም፤ ለስዊሶች በዓመት የተመደበው ለሥራ 12፣ ያለ ሥራ ለመኖር 5 ፈቃድ ነው። በተቃራኒው የሊክተንስታይን ዜጋ ስዊዘርላንድ ሄዶ መኖርና መሥራት ይችላል።

ይህ አድሎ የሚመስላቸው አሉ። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ ከነዋሪዋ ሲሶ የሚሆነው አሁንም የውጭ ዜጋ በሆነባት፣ መሬቷ ከተራራ በተረፈባት አገር በሩን መክፈት የአገሪቱን መልክ በጥቂት ዓመት ይለውጠዋል። የኢኮኖሚ ቀጠናው አገሮችም ይህን ተቀብለው ሰው በነጻ የመንቀሳቀሱን ደንብ ለሊክተንስታይን በልዩ ሁኔታ ገድበውላታል።

የኤን (የጥገኝነት ጠያቂ) ወይም የኤፍ (በጊዜያዊነት እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው) ፈቃድ የያዙ ሰዎች ደግሞ ለአንድ ቀን ጉብኝትም ቢሆን አስቀድመው የካንቶናቸውን (የሚኖሩበትን የስዊስ ክፍለ ግዛት) የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ኬላ አለመኖሩ ፈቃድ አይደለም፤ ሌላ አገር መግባትዎ በፖሊስ ፍተሻ ከታወቀ ጉዳይዎን ያበላሸዋል።

የመኖሪያ ፈቃድ በዕጣ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ለኢኮኖሚ ቀጠናው ዜጎች ብቻ። ለእነሱ በዓመት ቢያንስ ለሥራ 56፣ ያለ ሥራ ለመኖር 16 ፈቃድ ይመደባል። ግማሹ በመንግሥት ውሳኔ፣ ግማሹ በዕጣ ይሰጣል። ዕጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም በሁለት ዙር ይወጣል፦ የመጀመሪያው ዙር መግቢያ 100 ፍራንክ፣ ወደ መጨረሻው ዙር ያለፈ ሰው ደግሞ 500 ፍራንክ ይከፍላል።

የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ዜግነት ያለው ሰው ለዚህ ዕጣ ማመልከት አይችልም። በአሜሪካው ዲቪ ልማድ «የሊክተንስታይን ሎተሪ እሞላላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመዎት እያታለለዎት ነው። የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የጣሊያን ዜግነት ያገኘ ሐበሻ ግን መብቱ ሙሉ ነው፤ የሚያመለክተውም ራሱ በቀጥታ ለቫዱዙ ጽሕፈት ቤት ነው።

ስዊዘርላንድ እየኖርኩ ሊክተንስታይን መሥራትስ?

ይህ የሚቻል ነው፤ የሊክተንስታይን ኢኮኖሚም የቆመው በዚህ ነው። በአገሪቱ ያለው የሥራ ቦታ ብዛት ከነዋሪው ብዛት ይበልጣል፤ ከሠራተኛውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠዋት ከስዊዘርላንድና ከኦስትሪያ መጥቶ ማታ የሚመለስ ነው። በሻን ያሉት ሂልቲና ኢቮክላር፣ በኤሸን ያለው የመኪና መሪ የሚሠራው የቲሰንክሩፕ ፋብሪካ ከዋና ቀጣሪዎቹ መካከል ናቸው።

ለስዊስና ለኢኮኖሚ ቀጠናው ዜጋ ተመላላሽ ሆኖ መሥራት ቀላል ነው፤ ቀጣሪው ያስመዘግበዋል። የሌላ አገር ዜግነት ያለዎት ከሆነ ግን ማስመዝገብ አይበቃም፤ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት ፈቃድ መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ቀጣሪው «ስዊዘርላንድ ነው የሚኖረው፣ የስዊስ ፈቃድ አለው» ብሎ ሲያስጀምር ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት ፓስፖርትዎንና የስዊስ ፈቃድዎን ሁለቱንም ገጽ ኮፒ አድርገው ለቀጣሪው ይስጡ፤ ፈቃዱ እስኪመጣ የድሮ ሥራዎን አይልቀቁ፤ የውሉ መጀመሪያ ቀን «ፈቃድ በተገኘ ጊዜ» ተብሎ ይጻፍ። ለአንድ ቀጣሪ በካንቶን ሳንክት ጋለን እንዲሠሩ የተሰጠ ፈቃድም ወንዙን አይሻገርም፤ ኩባንያው በሁለቱም አገር ቅርንጫፍ ቢኖረው ቦታ ሲቀያይሩዎት ይጠይቁ።

ግብሩን የምከፍለው ለማን ነው?

ለሚኖሩበት አገር። ከ2017 ጀምሮ በሚሠራው የሁለቱ አገሮች የግብር ውል መሠረት፣ ስዊዘርላንድ እየኖረ በሊክተንስታይን የግል ድርጅት የሚሠራ ተመላላሽ ደመወዙ የሚገበረው በስዊዘርላንድ ነው። ኦስትሪያ ከሚኖረው የሥራ ባልደረባዎ ላይ ሊክተንስታይን 4 በመቶ ትቆርጣለች፤ ከእርስዎ ላይ አትቆርጥም። በየቀኑ ወደ ቤት መመለስ ግዴታ ነው ማለት አይደለም፤ በሥራ ምክንያት በዓመት እስከ 45 የሥራ ቀን ባይመለሱ ተመላላሽነትዎ አይፈርስም። በግማሽ ቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ የተለየ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚቸገረው በሕጉ ሳይሆን በኪሱ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በቢ ፈቃድ ሲሠሩ ግብሩ ከደመወዝ ላይ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። የሊክተንስታይን ቀጣሪ ለስዊስ ግብር አይቆርጥም። ደመወዙ ያደገ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የካንቶኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱና የፌዴራሉ ግብር በአንድ ላይ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በተለየ ሂሳብ ማስቀመጥ፣ ወይም ግብር ቢሮውን ጠይቆ በየክፍሉ ቅድሚያ መክፈል ይሻላል።

ጡረታና የሥራ አጥ ድጋፍስ?

የጡረታና የአካል ጉዳት መዋጮ የሚከፈለው በሚሠሩበት አገር፣ ማለትም በሊክተንስታይን ነው። በሁለቱ አገር የከፈሉ ሰው በጡረታ ዕድሜው ከሁለቱም ለየብቻ ይከፈለዋል። ሙሉ በሙሉ ሥራ ካጡ ግን ድጋፍ የሚጠይቁት በሚኖሩበት በስዊዘርላንድ ነው።

የድርጅቱ የጡረታ ገንዘብ፣ ሁለተኛው ምሰሶ የሚባለው፣ ከስዊስ ቀጣሪ ወደ ሊክተንስታይን ቀጣሪ ሲዛወሩ አብሮዎት ይዛወራል። ወደ ሊክተንስታይን ተዛውሮ የሚኖር ሰው «ከስዊዘርላንድ ወጣሁ» ብሎ በጥሬ ገንዘብ ማውጣት አይፈቀድለትም፤ የስዊስ ሕግ ሊክተንስታይንን በስም ጠቅሶ ከልክሏል።

ከቤት ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ይጠንቀቁ። በመኖሪያ አገር ከሥራው 25 በመቶና ከዚያ በላይ መሥራት ማኅበራዊ ዋስትናውን ወደ መኖሪያ አገር ያዞረዋል። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሁለቱም አገሮች በገቡበት ስምምነት ቀጣሪው ካመለከተ ከ50 በመቶ በታች ላለ የቤት ሥራ ዋስትናው በቀጣሪው አገር መቆየት ይችላል። የሦስተኛ አገር ዜጋ ይህ ለእሱ መሥራቱን ከጡረታ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

በስዊዘርላንድ ጥገኝነት ተከልክዬ ሊክተንስታይን እንደ አዲስ ብጠይቅስ?

አይሠራም። ሊክተንስታይን የራሷ የጥገኝነት ሕግ ቢኖራትም አንድን የጥገኝነት ጥያቄ አንድ አገር ብቻ እንዲያይ የሚያደርገው የደብሊን ሥርዓት አባል ናት። አሻራዎ በስዊዘርላንድ ስላለ መልሰው የሚልኩዎት ወደዚያው ነው፤ የሚያተርፉት የጠፋ ጊዜና በፋይልዎ ላይ የተጨመረ መዝገብ ነው። በስዊዘርላንድ ያለውን ይግባኝ በጊዜ ገደቡ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

የሊክተንስታይን ዜግነት እንዴት ይገኛል?

በ30 ዓመት ነዋሪነት፤ ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት የተኖረው በእጥፍ ይቆጠራል። ከ10 ዓመት በኋላም ማመልከት ይቻላል፤ ያኔ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪዎች ድምፅ ይሰጡበታል። በሁለቱም መንገድ የቀድሞውን ዜግነት መተው ግዴታ ነው። ይህን ለስዊሶችና ለኢኮኖሚ ቀጠናው ዜጎች ለማላላት በኦገስት 2020 የቀረበው ሐሳብ በሕዝበ ውሳኔ ወድቋል፤ እዚያው ተወልደው ያደጉ ስዊሶች ዛሬም የውጭ ዜጋ ሆነው የሚኖሩት ስለዚህ ነው።

ትምህርትና መከላከያስ?

የሊክተንስታይን ተማሪዎች በስዊስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ብዙዎቹም በዙሪክና በሳንክት ጋለን፣ እንደ አገሬው ተማሪ ይቆጠራሉ፤ አገራቸው በካንቶኖቹ የዩኒቨርሲቲ ስምምነት ውስጥ ገብታ ድርሻዋን ትከፍላለች። የእግር ኳስ ክለቦቿም የሚጫወቱት በስዊስ ሊግ ውስጥ ነው።

ሊክተንስታይን ጦሯን የበተነችው በ1868 ነው። ስዊዘርላንድ ልትከላከልላት በውል አልተገደደችም። በማርች 2007 170 ገደማ የስዊስ ወታደሮች በሌሊት ልምምድ መንገድ ስተው ድንበሩን አልፈው ገብተው ነበር፤ ስዊዘርላንድ ራሷ አሳወቀች፣ ነገሩም በሰላም አለፈ።

በመኪና ወይም በአውቶቡስ ስሄድ ምን ልብ ልበል?

ሊክተንስታይን አውራ ጎዳና የላትም፤ ኤ13 የሚባለው መንገድ የሚሄደው በራይን የስዊስ ዳርቻ ነው። ስለዚህ በኦስትሪያ በኩል የሚመጣ ሰው ሊክተንስታይን ውስጥ ለሚነዳው ክፍያ የለበትም፤ ወንዙን ተሻግሮ ኤ13 ላይ ሲወጣ ግን የዓመቱ የ40 ፍራንክ ቪኜት (የአውራ ጎዳና ክፍያ ማረጋገጫ) ያስፈልገዋል። ከዛርጋንስ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በቫዱዝና በሻን አድርጎ ፌልድኪርሽ የሚደርሰው 11 ቁጥር አውቶቡስ ለተመላላሽ ዋናው መስመር ነው። ከሴቬለን ወደ ቫዱዝ በእግር ወይም በብስክሌት ለመሻገር የ1901ዱ የእንጨት ድልድይ ክፍት ነው።

ስልክዎን ከመሻገርዎ በፊት ይመልከቱት። ሊክተንስታይን ከ1999 ጀምሮ የራሷ ኮድ 423 አላት፤ አንዳንድ የስዊስ ጥቅል ሊክተንስታይንን አይጨምርም፣ ስልኩም በራይን ሸለቆ ከስዊሱ ኔትወርክ ወደ ሊክተንስታይኑ ወይም ወደ ኦስትሪያው ይዘላል። የስልክ ውል ሲገቡ ኦፕሬተሩን «ሊክተንስታይን በጥቅሉ ውስጥ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከሌለ የሮሚንግ ዳታን ያጥፉ። የአደጋ ቁጥሮቹ ግን በሁለቱም አገር አንድ ናቸው፦ ፖሊስ 117፣ እሳት አደጋ 118፣ አምቡላንስ 144።